ጠገራው፣ አላዱና ኩክ ማውጫው፤ በኪስ ስለሚያዝ የብር ማስታወሻ የቀረበ ሂስ

በአገራችን የኪነ ጥበብ ሂስ ሲጻፍ ዓይኑን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ በትልልቁ ሥራ ላይ ነው። ልብ ወለዱ፣ ተውኔቱ፣ በአደባባይ የቆመው ሐውልት፣ በአዳራሽ የተሰቀለው ሥዕል የሐያስያንን ብዕር ሲያነጋግሩ ኖረዋል። በመዳፍ የሚጨበጠው፣ በኪስ የሚገባው፣ ከጣትና ከላብ ጋር አብሮ የሚያረጀው ትንሽ የብር ሥራ ግን ወይ ለነጋዴው ሚዛን፣ ወይ ለቤተ መዘክሩ መዝገብ ተትቷል። ይሁን እንጂ ሰፊው ሕዝብ ለረጅም ዘመን በገዛ እጁ ይዞት የኖረው ኪነ ጥበብ ይኸው ትንሹ ነው። በትልቁ ሥራ ላይ የምናነሣውን የቅርጽና የይዘት ጥያቄ በትንሹም ላይ ማንሣት ይገባናል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጉዳይ የተፈጠረው በራሴ ቤት ነው። ሴት ልጄ የመምህርነት ሥልጠናዋን አጠናቅቃ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደበች። ስንቋና ልብሷ ሲሰናዳ፣ ካረፉ ጥቂት ዓመታት የሆናቸው እናቴ የተዉት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ከቁም ሣጥን ወጣ። ከውስጡ አንድ የብር ዕቃ በኪሷ ይዛ እንድትሄድ፣ የቀሩት ደግሞ ለታናናሾቿ እንዲቆዩ ቤተሰቡ ወሰነ።

በሣጥኑ የነበሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው በሕዝብ አጠራር ጠገራ የሚባለው የማርያ ትሬዛ ብር ነው። ሁለተኛው ፲፰፻፹፱ የሚል ቁጥር ያለበት የዳግማዊ ምኒልክ አላድ ነው። ሦስተኛው ስሙ ያልታወቀ አንጥረኛ የሠራው የጆሮ ኩክ ማውጫ ነው። ባለቤቴ «ከባዱንና ዋጋ የሚያወጣውን ትያዝ፤ ሰው አገር ሆና ችግር ቢመጣ ይደርስላታል» ብላ ጠገራውን መረጠች። ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ታላቅ ወንድሜ «ልታስተምር አይደል የምትሄደው? ታሪኳን በኪሷ ትያዝ» ብለው አላዱን አነሡ። ኩክ ማውጫውን ያነሣ አልነበረም። በመጨረሻም «ስለ ሥነ ጥበብ ስትጽፍ የኖርህ አንተ ነህና ፍረድ» ተባልሁ። ነገሩ የአንድ ምሽት ጨዋታ መስሎኝ ተቀበልሁ። ሦስቱን ዕቃዎች በጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ስመለከት ግን ጥያቄው ከአንድ ቤተሰብ ሣጥን የሰፋ መሆኑን ተረዳሁ።

ለመፍረድ መመዘኛ ያስፈልጋል። የኪስ ማስታወሻ ምንድን ነው? ጌጥ አይደለም፤ ጌጥ ለሌላ ሰው ዓይን የሚቀርብ ነውና። ጥሪትም አይደለም፤ ጥሪት ተደብቆ የሚቀመጥ ነውና። የኪስ ማስታወሻ ባለቤቱ ብቻውን ሲሆን፣ መንገድ ሲጠብቅ ወይም ሲጨነቅ፣ እጁ ሳያስበው የሚያገኘው ዕቃ ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛ፣ ለእጅ እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ በየዕለቱ መታሸቱ ያሳምረዋል ወይስ ያጠፋዋል? ሦስተኛ፣ ስለ ራሱ የሚናገረው እውነት ነው ወይ? ማለትም ማን እንደሠራው፣ መቼና ለምን እንደተሠራ የሚሰጠው ምስክርነት ይታመናል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የቅርጽ፣ ሦስተኛው የይዘት ነው። ሦስቱንም የማያሟላ ዕቃ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ማስታወሻ ግን አይሆንም።

ስለ ማዕድኑ ራሱ ጥቂት መናገር አስፈላጊ ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ሠሪዎች መዳብ ይጨምሩበታል። በአየርና በላብ ውስጥ ያለ የድኝ ውሁድ ሲነካው ይጠቁራል። ብዙዎች ይህን ጥቁረት እንደ እድፍ ቆጥረው በአመድና በሎሚ ይፈትጉታል። ይህ ስሕተት ነው። በኪስ በሚያዝ ብር ላይ ከፍ ያለው ክፍል በጣት ሲታሽ ያበራል፤ ዝቅ ያለው ጥግ ይጠቁራል። ቅርጹን የሚያጎላው ይህ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ነው። የሠሪው ሥራ የሚጠናቀቀው በያዡ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘወትር የሚፈተግ ብር ግን ከጥቁረቱ ጋር ቅርጹንም እየጣለ ይሄዳል።

እንግዲህ ጠገራውን እናስቀድም። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ መመታት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1741 ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። አንዱ ጠገራ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይዟል ማለት ነው። ይህ ክብደት በአገራችን ገበያ የሚዛን መሠረት ሆኖ አገልግሏል። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር የሚስተካከል ነበር። አሞሌ ጨው ለትንሹ ግብይት፣ ጠገራ ለትልቁ ሲያገለግሉ ብዙ ትውልድ አልፏል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ለስንቅና ለጭነት የሚከፍለው በዚሁ ገንዘብ ነበር።

በቅርጽ በኩል ጠገራው የሚናቅ ሥራ አይደለም። በአንደኛው ገጽ የባልቴት ሻሽ ያጠለቀች፣ ደልደል ያለች፣ ዕድሜዋን ያልደበቀች ሴት ትታያለች። ሠሪው ሊያስውባት ብሎ ወጣት አላደረጋትም። በሌላው ገጽ ባለ ሁለት ራሱ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ጋሻውን በደረቱ ይዟል። የላባው አደራደር ጥቅጥቅ ያለ ቢሆንም አይምታታም። አያቶቻችን በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች እየቆጠሩ ትክክለኛውን ከሐሰተኛው ይለዩ ነበር። በደንብ ያልታየ ነጥብ ያለበትን ጠገራ «አልቀበልም» የሚል ገበሬ፣ ባያውቀውም፣ የቅርጽ ሂስ ይሠራ ነበር።

ይሁን እንጂ በሦስተኛው መመዘኛ ጠገራው ይወድቃል። የያዘው ዓመት ስለ ራሱ የሚመሰክረው ነገር የለም። 1780 የሚል ጠገራ በቪየና፣ በሚላኖ ወይም በቬኒስ ከዘመናት በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ፣ ጠገራውን ለ25 ዓመት የመምታት መብት ከኦስትሪያ ተቀብሎ መምቻውን ወደ ሮም አስመጣ። ሕዝቡ የሚያምነው ይህንን ገንዘብ መሆኑን ያውቅ ስለ ነበር፣ በያዘው አገር ገበያ ለመግዛትና ለመክፈል ፈለገው። ከዚያም እንግሊዝና ፈረንሳይ ለራሳቸው ንግድ በለንደንና በፓሪስ መቱ። በሁሉም ላይ ያው ሴት፣ ያው ንስር፣ ያው 1780 አለ። በጠርዙም ዙሪያ ፍትሕና ርኅራኄ የሚል ትርጉም ያለው የንግሥቲቱ መፈክር በላቲን ተጽፏል። ፍትሕና ርኅራኄ የሚል ጽሑፍ በጠርዙ ይዞ ወራሪን ያገለገለ ገንዘብ ከዚህ የተለየ ማግኘት ያስቸግራል።

እናቴ ጠገራው አያቴ በቅሎ ሸጠው ካመጡት ገንዘብ የቀረ ነው ይሉ ነበር። ቃላቸውን አምናለሁ። ነገር ግን ምስክሩ ቃላቸው እንጂ ጠገራው አይደለም። በመምቻዎቹ መካከል ያለው ጥቃቅን ልዩነት ለባለሙያ ካልሆነ በቀር አይታይም። አያቴ በቅሎውን በሸጡበት ዘመን ይሁን፣ ከዚያ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ተለውጦ ይሁን፣ ዕቃው ራሱ አይናገርም። ለእጅም ቢሆን ከብዶ ኪስ የሚጎትት፣ ከመዳፍ የሚተርፍ ነው። በኪስ ሲታሽ የሚጠፋው መጀመሪያ የፊቷ ከፍታ፣ አፍንጫዋና ጉንጯ ነው። በብዙ መታሸት ፊት የሌላት ንግሥት ትቀራለች።

ወደ አላዱ እንሻገር። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው ስም ገንዘብ እንዲመታ በ1885 ዓ.ም. አዋጅ አወጡ። በፓሪስ የተመታው ብር የያዘው ዓመት 1887 ሲሆን ሌላው 1889 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 1888፣ ማለትም የዐድዋ ዓመት አለ። ታላቅ ወንድሜ ለልጄ ያስረዱት ይህንኑ ነው። «አንዱ ከጦርነቱ በፊት፣ አንዱ ከድል በኋላ ነው፤ ያንቺ ከድል በኋላ ያለው ነው» አሏት። ክርክራቸው ጠንካራ መሆኑን እቀበላለሁ። ጠገራው ዓመቱን በደበቀበት ቦታ ላይ አላዱ ዓመቱን በግዕዝ አኃዝ በግልጽ አስፍሯል።

ሙሉው የምኒልክ ብር 28 ግራም ያህል ነው። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ከሺህ 835 እጅ ብር ባለው ቅይጥ ተሠርቷል። አላዱ ግማሹ ነውና 14 ግራም ያህል ይመዝናል። በመጠኑ ለእጅ ከጠገራው የተሻለ ነው። በአንደኛው ገጽ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው በጎን ይታያሉ፤ በሌላው ገጽ ዘውድ የጫነ አንበሳ በመስቀል የሚጨረስ በትር ይዟል።

በሂስ ዓይን ስንመለከተው አላዱ ሁለት እጅ የነካው ሥራ ነው። አንበሳው የአውሮፓ መኳንንት በጋሻና በማኅተም ላይ የሚያደርጉትን አንበሳ ይመስላል። አቋሙ የተማረ፣ ጡንቻው የተስተካከለ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ተመልካቹ ከሚመለከተው የሠዓሊዎቻችን አንበሳ ጋር ግን ዝምድናው ሩቅ ነው። ጽሕፈቱ ሌላ ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል በጠባብ ክብ ዙሪያ፣ በብረት መምቻ፣ በዚያ ጥራት ሲቀመጥ ማየት ያስደንቃል። ቁመታቸውና ስፋታቸው የሚለያዩ ፊደላት መስመራቸውን ሳይለቁ ይዞራሉ። በብራና ላይ ከቀለምና ከመቃ የተወለደ ፊደል በብረት ላይም እንደሚኖር ያስመሰከረ ሥራ ነው። የአላዱ ኢትዮጵያዊነት ያለው በአንበሳው ሳይሆን በፊደሉ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ የታሪክ ሐቅ መዘንጋት የለበትም። የምኒልክ ብር በሙሉ ክብሩ ቢወጣም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣ አልቻለም። ብዙ አገር የለመደውን ፊት መረጠ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ሲዘዋወሩ ኖረው፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ገንዘብ ዘመናቸው አከተመ። አዲሱ ገንዘብ በአብዛኛው ወረቀት ነበር፤ ስሙ ግን ያው ብር ሆኖ ቀረ። ዛሬም በወረቀት ስንገበያይ የማዕድኑን ስም እንጠራለን። ቋንቋችን ራሱ የኪስ ማስታወሻ ይዟል ማለት ነው።

አላዱ በእውነተኛነቱ ከጠገራው ይበልጣል። በሁለተኛው መመዘኛ ግን ችግር አለበት። የአላዱ ዋጋ ያለው በፊደሉና በቁጥሩ ነው። እነዚህ ደግሞ በብር ላይ ስስ ሆነው የተነሡ መስመሮች ናቸው። ከመክፈቻና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ ከተቀመጠ፣ በየዕለቱም ከታሸ፣ የሚጠፋው ልንጠብቀው የሚገባን ነገር ነው። ለማስታወስ ሲባል የሚታሽ ጽሑፍ በማስታወሱ ብዛት ይጠፋል። አላዱ የሕዝብ ሰነድ ነው፤ የሰነድ ቦታ ደግሞ ኪስ አይደለም። በስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር እንደሚደረገው በጥንቃቄ ሊቀመጥ፣ ሊታይና ሊጠና ይገባዋል። ለታላቅ ወንድሜ የመለስሁላቸው መልስ ይህ ነው። «ታሪኳን በኪሷ ትያዝ» ማለት «ታሪኳን በኪሷ ትፈግፍግ» ማለት እንዳይሆን ፈራሁ።

አሁን ያላነሣነውን እናንሣ። ኩክ ማውጫው ከመካከለኛ ጣት ቁመት አይበልጥም። በላይኛው ጫፉ ክር የሚያልፍበት ቀለበት አለው። ከቀለበቱ ሥር ሐረግ የተጠላለፈባት ትንሽ መስቀል ትገኛለች። ከመስቀሉ ሥር ዘንጉ ይጀምራል፤ መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ቀጥሎ የተጠመዘዘ፣ በመጨረሻም ድቡልቡል እየሆነ ቀጥኖ ይወርድና በጥቃቅን ማንኪያ ያልቃል። እናቶች ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር። ጆሮ የሚጠርግ ዕቃ ከመስቀል ጋር አንድ አካል መሆኑ ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ይመስላል። ይህን ለሠራው ሰው ግን ጸሎትና ንጽሕና፣ ጌጥና መሣሪያ የተለያዩ መደብሮች አልነበሩም። ይህ የይዘትና የቅርጽ አንድነት በመጽሐፍ የምናስተምረው እንጂ ብዙ ጊዜ በእጃችን የምንይዘው አይደለም።

የዘንጉን አሠራር ልብ እንበል። ከአራት ማዕዘን ወደ ጥምዝ፣ ከጥምዝ ወደ ድቡልቡል የሚደረገው ሽግግር ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። አራት ማዕዘኑ ለአውራ ጣትና ለሌባ ጣት መያዣ ነው። ጥምዙ እንዳያሟልጭ ያደርጋል። ድቡልቡሉ ወደ ጆሮ የሚገባው ክፍል በመሆኑ ስለት እንዳይኖረው ነው። በእጅ ቢያዝ፣ ዓይን ሳያይ ጣት ከላይ ወደ ታች እያነበበው ይወርዳል። በኪስ ሲታሽ የሚጠፋ ፊደል የለበትም። ማዕዘኑ እየለዘበ፣ ጥምዙ እየለሰለሰ፣ የሐረጉ ጥግ እየጠቆረ ያምራል እንጂ አይወድምም።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። የመስቀሉ የግራ ክንድ ከቀኙ ጥቂት ይሰፋል። ጀርባው ባዶ ነው፤ አንጥረኛው ለማይታየው ገጽ ሐረግ አልከፈለም። የሞረዱ ጭረት በአንድ ጎን ሳይጠፋ ቀርቷል። ከሁሉ የከፋው ቀለበቱ በአንድ ወቅት ተሰብሮ በቆርቆሮ መበየዱ ነው። ግራጫው ብየዳ ከብሩ ጋር አይዋሐድም። ይህ ጥገና የሠሪው ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የመጣ ችኩል እጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። እነዚህን ጉድለቶች የምዘረዝረው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። የባህል ዕቃ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነገር ግሩም ነው የሚል ሂስ አንጥረኛውን ያከበረ መስሎ ይንቀዋል። በቁም ነገር የምናየውን ሰው ሥራ ጥሩውንና ደካማውን ለይተን እንናገራለን።

ይህች ዕቃ እንዴት እንደተሠራች ሲታሰብ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በዚያ ዘመን የአንጥረኛው ዋነኛ የብር ምንጭ ጠገራው ነበር። ባለጉዳዩ ጠገራውን ያመጣል፤ አንጥረኛው በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አድርጎ፣ ከሰሉን በወናፍ አናፍቶ ያቀልጠዋል። ቀልጦ የፈሰሰውን ብር በመስፍ ላይ በመዶሻ ያወጣዋል። ብር በተደበደበ ቁጥር ይጠነክራል፤ ደጋግሞ በእሳት ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መዶሻና እሳት፣ እሳትና መዶሻ ሲፈራረቁ ይውላሉ። በዚህ መንገድ የማታውቀን ንግሥት፣ ባለ ሁለት ራሱ ንስርና ሐሰተኛው ዓመት በማቅለጫው ውስጥ ጠፍተው መስቀል፣ አምባር፣ አልቦ፣ ድሪ፣ ቀለበትና ኩክ ማውጫ ሆነው ወጥተዋል። የውጭውን ተቀብሎ በራስ መልክ መቅረጽ ስለሚባለው ነገር በባህል መድረኮች ብዙ ተብሏል፤ አንጥረኛው ግን በየቀኑ ይሠራው ነበር።

እንግዲያውስ ገንዘብን ማቅለጥ ጥፋት ነው ወይስ ፈጠራ? ይህን ጥያቄ ከሩቅ ሆኜ አልመልሰውም፤ ተጠያቂ ነኝና። በዚያው ሣጥን ውስጥ ሁለተኛ አላድ ነበር። በወጣትነቴ እናቴን ለምኜ ወሰድሁትና አስቀልጬ ቀለበት አሠራሁበት። ቀለበቱ ልሙጥ፣ በመፈተጊያ የተወለወለ፣ በየትኛውም ሱቅ የሚገኝ ዓይነት ነው። እናቴ ሲያዩት ምንም አላሉም፤ ቀለበቱን መልሰው በመዳፌ አኖሩልኝ። በእርሱ ፋንታ የጠፋው ፊደልና ቁጥር ግን አይመለስም። ከዚህ ስሕተት የተማርሁት መለኪያ ይህ ነው። የቀለጠው ነገር በብዛት የነበረ፣ ከእሳቱ የወጣው ደግሞ ከገባው የበለጠ ትርጉም ያለው ከሆነ ማቅለጥ ፈጠራ ነው። የቀለጠው የማይተካ፣ የወጣው ተራ ከሆነ ጥፋት ነው። የዚያ ዘመን አንጥረኛ ያለፈው በመጀመሪያው ሚዛን ነው፤ እኔ የወደቅሁት በሁለተኛው ነው።

ዛሬ በገበያ የሚታየውም በዚህ ሚዛን ሊታይ ይገባል። ጎብኚ በሚያዘወትራቸው ሱቆች ኩክ ማውጫ፣ የአንገት መስቀልና የምኒልክ ብር የሚመስሉ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ መካከል በቅርጽ ማውጫ በጅምላ የሚወጡ አሉ። ማንኪያቸው ወፍሮ ለጆሮ አይሆንም፤ ሐረጋቸው ደብዝዞ የሐረግ ትዝታ ብቻ ይሆናል። መሣሪያነቱ ሲቀር ቅርጹም አብሮ ይደክማል። አንዳንዶቹ ብርም አይደሉም። ኒኬል ብር የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን በውስጡ ብር የለበትም።

ለመምህራንና ለአርቲስቶች ይጠቅም እንደሆነ የመለያ ዘዴውን እጠቅሳለሁ። ማግኔት ብረትን ይለያል እንጂ ኒኬል ብርን ከብር አይለይም፤ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ጥሩው መንገድ ሚዛንና ውኃ ነው። የጠገራው ቅይጥ በአንድ ሚሊሊትር 10.2 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ትክክለኛ ጠገራ ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ 2.75 ሚሊሊትር ያህል ውኃ ያፈናቅላል። ክብደቱ ልክ ሆኖ ውኃው ጎልቶ ከበዛ ማዕድኑ ሌላ ነው። በሻጋታ የፈሰሰ ሐሰተኛ ገንዘብ ደግሞ በፊደሉ ብዥታና በጠርዙ ላይ ባለው የመጋጠሚያ መስመር ይታወቃል። ሰው የሚወድደውን ዕቃ ቢይዝ የሚነቅፈው የለም፤ ኒኬሉንም ቢሆን። ነገር ግን ብር ነው ተብሎ የተሸጠለት የኒኬል ዕቃ በውሸት የተጀመረ ማስታወሻ ነው።

ፍርዴን ሰጠሁ። ጠገራው በቤት ይቆይ፤ ከእርሱ ጋር የእናቴ ቃል በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። አላዱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጥ፤ ልጆቹ አድገው ሊያነቡት ሲችሉ ይውጣ። በኪስ የሚሄደው ኩክ ማውጫው ነው። ባለቤቴ «ኩክ ማውጫ ይዛ አገር ልታቋርጥ!» ብላ ሳቀች። ታላቅ ወንድሜ ግን ዝም ብለው ዕቃውን አነሡና በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። እንደገናም ዳሰሱት። ከዚያ በላይ አልተከራከሩም።

ልጄ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ገልበጥ አድርጋ ባዶ ጀርባውን አየች፤ በሞረዱ ጭረት ላይ ጥፍሯን አሳለፈች። ከዚያም ዘወር ብላ «አባዬ፣ ይህን የሠራው ማን ነው?» አለች።

በቤቱ ውስጥ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። አገራችንን አይታ የማታውቀውን ንግሥት ስም፣ የሞተችበትን ዓመትና የጌጧን ነጥብ ሳይቀር እናውቃለን። አላዱን ያስመቱትን ንጉሠ ነገሥት እናውቃለን። ለአያቴ ጆሮ፣ ለእናቴ አንገት፣ ለልጄ ኪስ የሚሆን ዕቃ በእጁ የሠራውን ሰው ግን ስሙን የጠየቀ፣ ጠይቆም የጻፈ አልነበረም። ምክንያቱ አይሠወርም። ኅብረተሰባችን የአንጥረኛውን ሥራ በአንገቱ እያንጠለጠለ ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያለ ያንቋሽሽ፣ «ቡዳ» እያለ ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነውሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ዝምታው አልተከለከለም። የሠሪው ስም አለመጻፉ ከስድቡ የተረፈው ክፍል ነው።

ይህን ዝምታ ማቋረጥ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የብር ዕቃ ያለው ቤተሰብ ከማን እንደተገኘ፣ በየትኛው አገር እንደተሠራ፣ የሚታወቅ ከሆነም የአንጥረኛውን ስም በአንድ ወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ያኑር። በአንጥረኞች አካባቢ የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሥራ ቦታቸው ይላኩ፤ ሙያውን ከማን እንደተማሩ ጠይቀው ይመዝግቡ። ዛሬ የሚሠሩ አንጥረኞችም በሥራቸው ባዶ ጀርባ ላይ ምልክታቸውን ለማኖር አይፈሩ፤ ባዶው ጀርባ ለዚህ የተተወ ቦታ ይሁን።

ልጄ ኩክ ማውጫውን ከመክፈቻ ጋር እንዳይጋጭ በትንሽ የቆዳ ከረጢት አድርጋ ሄደች። ከሄደች በኋላ በጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ተማሪዎቿ ብዛትና ስለ ጥቁር ሰሌዳው መሰንጠቅ ገልጻለች። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ፣ በወረዳው ገበያ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ እንዳገኘች፣ የቀለበቱን የቆርቆሮ ብየዳ በብር እንዲለውጡላት እንደሰጠቻቸውና ስማቸውን በማስታወሻ ደብተሯ እንደመዘገበች ጽፋለች።